ፈቃድ የሚጠይቀው ኮምፒውተር

ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ
ኅዳር 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ ለናዝራዊት፣ ያለሽበት ሕንድ አገር፣ ፑኔ ይድረስ።

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ይህን የምጽፍልሽ ሚካኤልን አንግሠን ገብተን፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው። በሰው አገር ክንፉን ይዘርጋልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ቢሆን የሚያመኝ የሬጅስትራሩን ቢሮ ደረጃ ስወጣ ብቻ ስለሆነ የመንግሥት ሥራ በሽታ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። የቡና ለቀማው ደርሶ የጅማው መርካቶ በአጋሮና በሊሙ መኪና ተጨናንቋል፤ ለመሻገር ግማሽ ቀን ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ስምንት ዓመት የሠራሁበትን ኮምፒውተር ከኮሌጁ ኮምፒውተር ክፍል መጥተው ወሰዱብኝና አዲስ ተከሉልኝ። ሲከፈት ያምራል፣ ክፉ አልናገርም። ግን ልጄ፣ ቤቴ ገብተው ዕቃዬን ሁሉ ቦታ የቀየሩብኝ ነው የመሰለኝ። እኔ አሮጌውን የማውቀው በቦታ ነበር። “ከግራ ሦስተኛው፣ ከዚያ ወደ ታች አምስተኛው” እያልኩ እንጂ እንግሊዝኛውን አንብቤ አልነበረም። አሁን ከግራ ሦስተኛው ሌላ ሰው ሆኗል። የኮምፒውተር ክፍሉን ኃላፊ አቶ እሱባለውን ብጠይቀው፣ “ቪስታ የሚባል አዲስ ዊንዶውስ ነው፣ እትዬ፤ ይለምዱታል” ብሎኝ ሄደ።

ለመልመድ ጊዜ ቢኖረኝ ባልጻፍኩልሽ። ነገር ግን የሥራ ሂደት ለውጥ የሚሉት መጥቶ ሁላችንም በገዛ መደባችን ላይ ተወዳደሩ ተብለናል። ሃያ ስድስት ዓመት ለተቀመጥኩበት ወንበር እንደ አዲስ አመልክቻለሁ። የጽሕፈት ሠራተኞች ስምንት ነን፤ የሚፈለገው ሦስት ነው። ፈተናው መጋቢት 14 በዚሁ በአዲሱ ኮምፒውተር ነው። ያለፈ ይመደባል፤ የወደቀ መደብ አጥቶ “ተንሳፋፊ” ይባላል። ስሙን ማን እንዳወጣው እንጃ፣ እኔ ግን ሰምቼው እንቅልፍ አጣሁ። ለጡረታ ገና ነኝ፣ ለሌላ ሥራ ደግሞ ማን ይቀጥረኛል? ፈርቻለሁ፣ ናዝሬ። ለሌላ ሰው አልልም፤ ላንቺ ግን እላለሁ።

ኮምፒውተር ተማሪ ነሽና በዚህ ዊንዶውስ ውስጥ አዲስ የሆነውን ሁሉ በእጅሽ ጽፈሽ ላኪልኝ። በስልክ አይሁን። በስልክ ሰላምታውን ሳንጨርስ መስመሩ ይቆረጣል፤ የሰማሁትንም እረሳለሁ። የተጻፈ ግን ጠረጴዛዬ ላይ እለጥፈዋለሁ።

በጸሎቴ የማልረሳሽ አክስትሽ
ሸዋረገጥ


ፑኔ
ታኅሣሥ 16 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለእትዬ ሸዋረገጥ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎንስ እንዴት አደረገዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን አንብቤ በመጀመሪያ ያልኩት፣ “እነዚህ ሰዎች እትዬን ነው እንዴ የሚፈትኑት?” ነው። በዚያ ኮሌጅ ውስጥ እርስዎ ያልተየቡት ነገር ካለ ግድግዳው ላይ ያለው ቀለም ብቻ ነው።

አሁን ልብ ብለው ያንብቡኝ። “ስታርት” የሚለው ጽሑፍ የት ሄደ ብለው እንዳይፈልጉት፤ ቀርቷል። ከታች በግራ በኩል ያለችው ክብ ሰማያዊ ቁልፍ እሷው ናት። እሷን ሲጫኑ ከሥሯ ባዶ ሳጥን ይመጣል። ዋናው አዲስ ነገር ይኸ ነው፤ ከግራ ሦስተኛ፣ ከላይ አምስተኛ ብሎ መቁጠር ቀረልዎት። የሚፈልጉትን ነገር ስም እዚያ ይጻፉ። ሦስት ፊደል ሳይሞላ አግኝቶ ያመጣልዎታል። ፋይሉን የት እንዳስቀመጡት ባያስታውሱም ግድ የለም።

የመስኮቶቹ ጠርዝ መስታወት ሆኖ ከኋላ ያለው ይታያል። አይደንግጡ፣ አልተበላሸም፤ ለማማር ነው፣ ለፈተና አይጠቅምም። በቀኝ በኩል ሰዓት ተሰቅሏል፤ የፈረንጅ ነውና ስድስት ቀንሰው ያንብቡት። ደግሞ አንድ ፋይል በስሕተት ደልዘው ቢያስቀምጡ የትናንቱን መልሶ የሚያመጣበት መንገድ አለ፤ አካሄዱን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፌዋለሁ።

ትልቁን ለመጨረሻ አቆየሁት። አማርኛ አብሮ ተሠርቶ መጥቷል! እስከ ዛሬ የአማርኛ ፕሮግራም ለብቻው ካልተጫነ ጽሑፋችን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ጉንዳን የፈሰሰበት አይመስልም ነበር? አሁን ፊደሉ ከነገበታው እዚያው ውስጥ ነው። ክፍል ውስጥ ለህንዶቹ ከፍቼ ሳሳያቸው የወለድኩት ነው የመሰለኝ። እንዴት እንደሚበራ እሱንም ጽፌያለሁ።

ከዚህ ሌላ የሚያስቸግር ነገር የለውም። እርስዎ ጣትዎን ያንቀሳቅሱ እንጂ ፈተናው ለሌላው ይጨነቅ።

አክባሪዎ ልጅዎ
ናዝራዊት


ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ
ጥር 22 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለናዝራዊት፣

እንደምን አለሽልኝ? ጥምቀትን በሰላም አሳልፈናል፤ አንቺንም ለከርሞው ከታቦቱ ፊት ያቁምሽ።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ኮሌጁ ውስጥ እንዲህ ያለ መምህር ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። የመዝገብ ቤቷን ሶረቲን ጠርቼ በዚያች ባዶ ሳጥን ውስጥ የአንድ ጥንታዊ ሰርኩላር ስም ጻፍኩላት። ዓይን ሳይጨፈን መጣ። “ያ ረቢ! ይሄ ነገር የእኔን እንጀራ ነው የሚበላው” ብላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። አማርኛውንም አበራሁት። ገበታው ከለመድኩት ይለያል፤ ጣቴ ለሁለት ሳምንት ተቆጣ፣ አሁን ታርቀናል።

አንድ ያልጻፍሽልኝ ነገር ግን አለ። ሥራ ላይ እያለሁ አንዳንዴ ስክሪኑ በሙሉ ይጨልማል። መብራት ሄደ ስል መሐል ላይ አንዲት ሳጥን ትወጣለች። ቃል በቃል በመዝገበ ቃላት ብፈታው፣ “ለመቀጠል ፈቃድሽ ያስፈልጋል” ነው የሚለው። እኔ ማን ነኝና ነው ፈቃድ የምሰጠው? ኮምፒውተሩ የመንግሥት ንብረት ነው። ስረከበው የፈረምኩት ልጠብቀው እንጂ ልፈቅድለት አይደለም።

ስለዚህ በደንቡ ሄድኩ። ለሬጅስትራሩ ለአቶ ሀብተጊዮርጊስ በእጄ ማስታወሻ እጽፋለሁ፦ “ጉዳዩ፦ ኮምፒውተሩ ሥራውን እንዲቀጥል ፈቃድ ስለመጠየቅ።” ቁጥርና ቀን አለው። እሳቸው “ይፈቀድ” ብለው ይፈርማሉ፣ ማኅተም ይመታል፣ ሶረቲ ኮፒውን ፋይል ታደርጋለች፤ ከዚያ ወርጄ እጫነዋለሁ። እስካሁን አሥራ አንድ ደብዳቤ ሆኗል። አቶ ሀብተጊዮርጊስ መጀመሪያ ሳያነቡ ይፈርሙ ነበር፤ በቀደም ግን መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩኝ።

ይህን የሰማው አቶ እሱባለው ሆዱን ይዞ ሳቀ። “እትዬ፣ ይሄ ጥያቄ ሰውን ሁሉ አስመርሯል። የሁሉንም አጥፍቼላቸዋለሁ፣ የቀረው የእርስዎ ብቻ ነው፤ ላጥፋው” አለኝ። “እንዲጠፋ የሚያዝ ደብዳቤ አምጣ” አልኩት። አኩርፎ ሄደ። ፈታኙ እሱ መሆኑ ትዝ ያለኝ ከሄደ በኋላ ነው።

አሁን ልጄ፣ ሌላ አላስቸግርሽም፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው? ፈተናው ላይ ቢጨልምብኝ ወደ ማን ልሂድ? ደብዳቤ ሃያ ቀን ይፈጃልና ቶሎ መልሺልኝ።

የምትናፍቅሽ
ሸዋረገጥ


ፑኔ
መጋቢት 4 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ ሸዋረገጥ፣

ጾሙን እንዴት ይዘውታል? ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። የሴሚስተር ፈተና ላይ ስለነበርኩ ዘገየሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አሥራ አንድ ደብዳቤ! ከነማኅተሙ! እትዬ፣ ወደማንም አይሂዱ። ፈቃጇ እርስዎ ራስዎ ነዎት። “ኮንቲኒው” የምትለውን ተጭነው ሥራዎን መቀጠል ብቻ ነው። እኔ የራሴን በመጀመሪያው ቀን ስላጠፋሁት እንዲህ ያለ ጥያቄ መኖሩንም ረስቼው ነበር። ቀላል ነገር ነው፤ አይጨነቁበት።

ይህች ወረቀት ከፈተናው በፊት እጅዎ እንድትገባ ጸሎቴ ነው።

ልጅዎ
ናዝራዊት


ጅማ
ሚያዝያ 2 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለናዝራዊት፣

እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ነው። ፈተናው ካለፈ በአሥራ ሰባተኛው ቀን። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ያው ሆነ።

አንድ ሰዓት ነበር የሰጡን፤ ሁሉም በየራሱ ኮምፒውተር ላይ። የሚተየበውን በሃያ ሁለት ደቂቃ ጨረስኩ። ቀና ብዬ ሳይ ሌሎቹ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ናቸው። ልቤ ሞላ። ቀጥሎ አንድ ፕሮግራም ክፈቱ የሚል ትእዛዝ ነበር። ስጫነው ጨለመብኝ። ከእኔ በቀር የማንም አልጨለመም። እስክሪብቶዬን አንሥቼ ማስታወሻዬን ጻፍኩና ተነሥቼ ደረጃውን ወጣሁ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። አስፈርሜ ስመለስ ሰዓቱ አልቆ ፈተናው ተሰብስቧል።

አራተኛ ወጣሁ። የሚፈለገው ሦስት ነበር።

አልተቀየምኩሽም። ምን ያስዋሸኛል፣ ትንሽ ተቀይሜሻለሁ፤ እስከ ፋሲካ ይወጣልኛል። ምደባው በሐምሌ እስኪለጠፍ ሥራሽን ቀጥይ ብለውኛል። የዘንድሮ ተመራቂዎችን ስምና ውጤት እየተየብኩ ነው፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ናቸው። ተንሳፋፊም ቢሆን እጁ አይቦዝንም።

ሸዋረገጥ


ፑኔ
ሚያዝያ 26 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእትዬ ሸዋረገጥ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎት ብዬ ለመጀመር አፈርኩ። ደብዳቤዎን ያገኘሁት ዛሬ ጠዋት ነው። ክፍል አልገባሁም።

ልናዘዝልዎት። ያ የጥር ደብዳቤዎ የመጣ ቀን አብረውኝ ለሚኖሩት ልጆች ጮክ ብዬ በእንግሊዝኛ አነበብኩላቸው። ስለ ማኅተሙ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ “ይፈቀድ።” ሁላችንም ሳቅን። ሳቁን ከማንም በላይ ያስቆየሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ደብዳቤው መጻሕፍቴ ሥር ሦስት ሳምንት ተኛ። ፈተና ነበረብኝ ያልኩዎት እውነት ነው፤ ግን መልሱ አንድ መስመር ነበር። መደወልም እችል ነበር። በስልክ አይሁን ቢሉኝም፣ ይህንን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ስልኩ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አልደወልኩም።

እናቴ ከሞተች በኋላ በእርስዎ ታይፕ ስር ተቀምጬ ነው ፊደል የቆጠርኩት። ያንን ወንበር ያሳጣሁዎት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።

አሁን ደግሞ ሳልስቅ ልጻፍልዎት። ቁጭ ብዬ ሳስበው እርስዎ ከሁላችንም ይልቅ ለጥያቄው ክብር ሰጥተውታል። ያቺ ሳጥን ዘበኛ ናት። የተሠራችው ለዚህ ዊንዶውስ ነው፤ በአሮጌው ውስጥ አልነበረችም። እኔም አቶ እሱባለውም ስለሰለቸችን አባረርናት። እርስዎ ግን አያባርሯት። አንድ ነገር ብቻ ይለዩ። እርስዎ ራስዎ አንድ ነገር ከፍተው ከጠየቀችዎት ይፍቀዱ። ምንም ሳይከፍቱ ከጠየቀችዎት፣ በተለይ የሰው ፍላሽ ሲሰኩ፣ “ማንነቱ ያልታወቀ ፕሮግራም” ካለችዎት፣ “ካንስል” የሚለውን ይጫኑና እምቢ ይበሉ። ለእምቢታም ደብዳቤ አያስፈልግም።

ለኮሌጁ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመልክቱ። እባክዎን አይተዉት። ይህንን በፖስታ አልሰጥም፤ ዳባ የሚባል የአጋሮ ልጅ፣ እዚህ ሁለተኛ ዲግሪውን የጨረሰ፣ ከነገ ወዲያ ወደ አገር ይገባል። እጅዎ ላይ እንዲያስቀምጠው አስምዬዋለሁ።

በደለኛ ልጅዎ
ናዝራዊት


ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ
ሐምሌ 4 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለውዴ፣ ለልጄ፣ ለናዝራዊት፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? የሰማይ አምላክ በረከቱን ያዝንብልሽ፤ ዝናቡንስ እኛ ጨርሰነዋል፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ድረስ ባጃጅ አይገባም። ለረጅም ጊዜ ዝም ያልኩሽ አኩርፌ እንዳይመስልሽ። ቂሜ ከፋሲካ በፊት ወጥቷል። የምጽፍልሽ ነገር እስኪጠናቀቅ ብዬ ነው።

ዳባ ቃሉን ጠብቆ ግንቦት 3 ቀን በዝናብ በስብሶ መጣ፤ ደብዳቤሽ ግን በፌስታል ተጠቅልሎ ደርቆ ነበር። የድሮውን ገፍፌ እሱን ለጠፍኩ። ቅሬታዬንም አስገባሁ።

ሰኔ 9 ቀን የተመራቂዎችን ፎቶ የያዘ ፍላሽ ከቢሮ ቢሮ እየዞረ እኔ ጋ ደረሰ። ስሰካው ጨለመ። ምንም አልከፈትኩም ነበር። ማንነቱ ያልታወቀ ፕሮግራም ኮምፒውተርሽ ውስጥ መግባት ይፈልጋል አለ። እጄ ማስታወሻ ወረቀት ለመሳብ ሄዶ ነበር። መለስኩት። ጽሑፍሽን አንዴ አየሁና እምቢ አልኩ። ማንንም ሳልጠይቅ፣ ብቻዬን። ፍላሹን ነቅዬ፣ “ፎቶውን በወረቀት አምጡልኝ” አልኳቸው። አሮጊት አስቸጋሪ ናት ተባብለው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ያ ፍላሽ የዞረባቸው የሬጅስትራሩ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፋይላቸው ባዶ ሆነ። ስም የለ፣ ውጤት የለ። ለመጠባበቂያ የተቀዳውም በዚያው ፍላሽ ነበር። ምርቃቱ ሰኔ 27 ነው። አቶ እሱባለው ላቡ እየተንጠፈጠፈ ከክፍል ክፍል ሲሮጥ ዋለ። ወሬው አጋሮ ድረስ ሄዶ በማግስቱ አቶ ዋቅጅራ የሚባሉ አዛውንት ከቡና ማሳቸው ተነሥተው መጡ። ልጃቸው ሌንሳ ከቤታቸው የመጀመሪያዋ ተመራቂ ናት። ኮሪደሩ ላይ ቆመው፣ “መቃን ኢንተላ ኮ በዴ?” እያሉ ያገኙትን ሁሉ ይጠይቃሉ፤ የልጄ ስም ጠፋ ወይ ማለታቸው ነው። ሶረቲ እጃቸውን ይዛ እኔ ጋ አመጣቻቸው። ኮምፒውተሬን ፋይሉ ጠፋ ከተባለ ጀምሮ ፈርቼ አልከፈትኩትም ነበር። ከፈትኩት። በባዶዋ ሳጥን ውስጥ “ሌንሳ” ብዬ ጻፍኩ። ዝርዝሩ መጣ፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባውም በየቦታቸው። አዛውንቱ አማርኛ አያነቡም፤ ሶረቲ ጣቷን ስሙ ላይ አድርጋ አሳየቻቸው። ዝቅ ብለው ለብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ አመስግነው መርቀውኝ ሄዱ፤ ገለታ፣ ገለታ እያሉ።

አቶ እሱባለው ሰምቶ እየሮጠ መጣና በሩ ላይ ቆመ። “እትዬ፣ ኮፒ ላድርገው?” አለኝ። ደብዳቤ አምጣ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት። በማግስቱ በየቢሮው እየዞረ ያጠፋቸውን ዘበኞች ሁሉ መልሶ አቆማቸው። ምርቃቱም በቀኑ ሆነ። ወደ እኔ ጉዳይ ግን ማንም አልተመለሰም። ቅሬታሽ ምን ደረሰ የሚለኝ የለም፤ እኔም መጠየቅ አፈርኩ። ስም ያተረፍኩት ስሜን ለማስጻፍ ነው እንዳይባል።

ትናንት ከቀትር በኋላ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ራሳቸው ደረጃውን ወርደው መጡ። በእጃቸው በእስክሪብቶ የተጻፈ ረቂቅ ይዘዋል። “ይህ ዛሬ ተለጥፎ ያድራል። በሌሎቹ ኮምፒውተሮች ገና አልተማመንኩም” አሉና አስቀመጡልኝ። ርእሱን አየሁ፦ “የመጨረሻ የሠራተኞች ምደባ።”

እኛ ታይፒስቶች ስንገለብጥ አናነብም፣ ናዝሬ። ዓይን ያያል፣ ጣት ይጽፋል፣ ሐሳብ ሌላ ቦታ ነው። የሐዘን ማስታወቂያ እንኳ የማን እንደሆነ የማውቀው ከተለጠፈ በኋላ ነው። ትናንት ግን ዓይኔ ወደ ታች እየሮጠ አስቸገረኝ። ረቂቁን በነጭ ወረቀት ሸፍኜ አንድ አንድ መስመር እየገለጥኩ ጻፍኩ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ አልሄዱም፣ ከኋላዬ ቆመዋል። አንድ። ሁለት። አሥር። ሃያ። የሰው ስም ነው፤ የማውቀው ሰው ሁሉ እያለፈ ነው። ሠላሳ ሦስተኛው ላይ የወረቀቱ ግርጌ ታየኝ። የቀረው አንድ መስመር ነው። ገለጥኩት።

“34፣ ወ/ሮ ሸዋረገጥ ዓለምብርሃን፣ የተማሪዎች መረጃ ጽሕፈት ሠራተኛ፣ ቋሚ።”

ጣቴ ቆመ።

“ምነው ቆሙ፣ ወይዘሮ ሸዋረገጥ?” አሉኝ ከኋላዬ።

“አይ፣ ልጽፈው ነው” አልኩና ጻፍኩት። ይህንን ግን ፊደል በፊደል እያነበብኩ ነው የጻፍኩት። በሃያ ስድስት ዓመት የስንቱን ሹመት፣ የስንቱን ዝውውር፣ የስንቱን ስንብት ጽፌያለሁ፤ የራሴን ሥራ ለራሴ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸው ሳል ሳል አሉና መስኮቱን ማየት ጀመሩ።

ከዚያ ኮምፒውተሩን እንዲያትም አዘዝኩት። እየወጣ እያለ ሁለት እጄን ሥሩ ዘርግቼ ተቀበልኩት። ወረቀቱ ትኩስ ነበር።

አክስትሽ
ሸዋረገጥ